«ታዘበው» ልጄን ይጠብቃል፤ አማቴ ግን ይገደል ይላሉ

ይድረስ ለዚህ አምድ አዘጋጅ፣

የምኖረው ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ጣና ዳር፣ ሮቢት ባታ ነው። ጌሾና ጫት እናለማለን፤ የምናጠጣው ከጓሯችን ካስቆፈርነው ጉድጓድ ነው። ትልቋ ልጄ ትምህርት ቤት ስትውል፣ ባለቤቴ ከተማ ሲሄድ፣ የሦስት ዓመቱ ልጄ ከውሻችን ጋር ይውላል። «ታዘበው» ብሎ የሰየመው ባለቤቴ ነው፤ ያኔ ከጎረቤት ጋር በድንበር ተጣልቶ ነበር።

ታዘበው ለልጁ ልዩ ነው። ልጁ ሲተኛ አጠገቡ ይጋደማል፤ እንግዳ ሰው ሲመጣ መሀል ይገባል። ባለፈው ጥር ጌሾ ስለቅም አጯጯሁ አላምር ብሎኝ ብሮጥ፣ ልጄ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኮ ጠጠር ይወረውራል። ውሻው ዙሪያውን እየተሽከረከረ ይጮኻል። ያን ቀን ሙሉ እንጀራ ሰጠሁት።

በፋሲካ ማግስት ግን ልጄ አጥንት ሊቀማው እጁን ሲሰድ አጉረመረመበት፤ ልጁ አልተወውም፤ ክንዱን ነከሰው። ቆዳው ተልጦ ትንሽ ደማ። ፌጦ ቀጥቅጬ አደረግሁበት፣ ዳነ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ልጁም ውሻውም ደህና ናቸው። አማቴ «ሰው የነከሰ ውሻ አይመለስም፤ ይገደል፤ ልጁንም እኔ ልያዝልሽ» ይላሉ። ቤታቸው ከእኛ ማዶ ነው፤ ግን ልጄን ሰጥቼ ነገር መስማት አልፈልግም። ባለቤቴ ዝም ብሏል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

እናት ነኝ፣ ከሮቢት

መልስ

እህቴ፣ ከንክሻው ልጀምር። በዚያን ቀን የውሻው ለሃጭ የእብድ ውሻ በሽታን የሚያስተላልፍ ቢሆን ኖሮ፣ ውሻው በ10 ቀን ውስጥ ታሞ ይሞት ነበር። ሦስት ሳምንት ደህና ከቆየ ከዚህኛው ንክሻ አምልጣችኋል። ግን በማግስቱ ይህን በምን አወቅሽ? በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ፌጦም አያድነውም። ውሻ ሲነክስ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ውሻው ታስሮ 10 ቀን የሚታየው ክትባቱ ከተጀመረ በኋላ ነው እንጂ «እስቲ እንየው» ተብሎ አይጠበቅም። ጠበል ብትወስጂውም ክትባቱን አስጀምረሽ ይሁን። አሁንም ቢሆን ጤና ጣቢያ ወስደሽ አሳዪውና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱ የተሟላ መሆኑን ጠይቂ። ታዘበውንም የከብት ሐኪም ዘንድ ወስዳችሁ አስከትቡት፤ በየዓመቱ።

ይገደል የሚለውን አልቀበልም። የሆነውን እንደገና አስቢው። እናንተ 55 ቀን ስትጾሙ እሱም ሥጋ አላየም፤ በፋሲካ አጥንት ሲያገኝ ትንሽ እጅ መጣበት። መጀመሪያ አጉረመረመ፤ በሱ ቋንቋ «ተው» ማለቱ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ይህን አይሰማም፤ መስማት የነበረበት ትልቅ ሰው ነው። ከእንግዲህ ውሻው ከአጥር ውጭ ይብላ፤ ሲበላና ሲተኛ ልጅ አይጠጋው። ስላጉረመረመም አትምቱት፤ በዱላ ዝምታ የተማረ ውሻ ቀጥሎ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚነክሰው። ማንም ሳይነካው ልጁ ላይ ከዞረ ግን ያኔ ከአማትሽ ጋር እስማማለሁ።

እኔን ያሳሰበኝ ጥርሱ ሳይሆን ጉድጓዱ ነው። በጥር የሆነውን የጻፍሽው ውሻውን ለማመስገን ነው፤ እኔ ሳነበው ልጅሽ ሊሞት እንደነበር ነው የታየኝ። ታዘበው ጮኸ፣ አንቺም ሰማሽ። የውሃ መሳቢያው ሞተር ተነሥቶ ቢሆን ኖሮስ? ሞተር አጠገብ ቆመሽ የሰው ጥሪ እንኳ እንደማይሰማ አንቺ ታውቂዋለሽ። በአገራችን የውሻ ስም ለጎረቤት የሚላክ ነገር ነው፤ የባልሽ ግን ሳያስበው ለውሻው ልክ ሆኖ ወጣ። ታዘበው ያያል፣ ይጮኻል፤ ልጅ ከጉድጓድ አያወጣም። ሰኔ ሲገባ ደግሞ የጉድጓዱ አፍ እየራሰ ይናዳል። ባልሽ ዝምታውን ትቶ በዚህ ሳምንት ከግንድና ከሳንቃ ክዳን ይሥራለት፤ ልጅ የማያነሣው ከባድ ይሁን፤ ዙሪያውንም በእሾህ ይጠረው።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፣ አትቀየሚኝ። በደብዳቤሽ ለውሻው ያለሽን እምነት ለአማትሽ ነፍገሻቸዋል። ነገር ይናገሩ ይሆናል፤ አማት ናቸው። ግን «ልያዝልሽ» ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ቢያንስ ሞተር በምታስነሡበት ቀን ልጁን ማዶ አድርሺው። ውሻው ከተከተለው አትመልሺው፤ እሳቸው ግቢ ይተኛ።