ጥያቄና መልስ፦ ከጋዙ የጠፋው ብረት የት ገባ?

ጥያቄ፦ በከዋክብት መካከል ካለው ጋዝ ማንም ናሙና ቀድቶ አላመጣም። ታዲያ በውስጡ ምን ያህል ኦክስጅን ወይም ብረት እንዳለ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ ከጋዙ ጀርባ በሚገኝ ኮከብ ብርሃን ነው። ብርሃኑ ጋዙን አቋርጦ ሲመጣ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱን የሞገድ ርዝመት ብቻ መርጦ ይውጣል። ብርሃኑን በቀለም ስንዘረዝረው የተዋጠው ቦታ ቀጭን ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል፤ አተሞቹ በበዙ ቁጥር መስመሩ ይጠቁራል። ሃይድሮጅኑም በዚሁ መንገድ ይቆጠርና ሁለቱ ይነጻጸራሉ። እኔ በበኩሌ ይበልጥ የማምነው ደካማ መስመሮችን ነው። ብርሃኑ አንዴ ተውጦ ካለቀ፣ ሌላ አተም ቢጨመርም መስመሩ እምብዛም አይለወጥምና ቆጠራው ያሳስታል።

ጥያቄ፦ መስመሩ የራሱ የኮከቡ ቢሆንስ?

መልስ፦ በ1904 ጀርመናዊውን የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዮሃነስ ሃርትማንን የገጠመው ይኸው ነበር። በኦሪዮን ቀበቶ ያለችው ዴልታ ኦሪዮኒስ ጥንድ ኮከብ ስለሆነች፣ ስትዞር መስመሮቿ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። የካልሲየሙ መስመር ግን አብሯቸው አልተንቀሳቀሰም። ስለዚህ ካልሲየሙ የኮከቧ ሳይሆን በመንገድ ላይ ያለ ጋዝ ነው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ብረት ከጋዙ ውስጥ "ጠፋ" ሲባል ምን ማለት ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በጣም ወደድኩት። በፀሐይ ውስጥ ለአንድ ሚሊዮን የሃይድሮጅን አተም 30 ያህል የብረት አተም አለ። ዜታ ኦፊዩኪ በተባለችው ኮከብ አቅጣጫ ባለው ቀዝቃዛ ደመና ግን ከሚጠበቀው ብረት ከመቶ አንዱ እንኳ በጋዙ ውስጥ አይገኝም፤ ካልሲየም ከሺህ አንዱም የለም። ኦክስጅን ግን አብዛኛው እዚያው አለ፤ ክሪፕቶን የተባለው ጋዝም እንዲሁ። በ1972 የተመጠቀችው ኮፐርኒከስ ሳተላይት ምድር ላይ የማይደርሰውን አልትራቫዮሌት ስትለካ ልዩነቱ ጎልቶ ወጣ። በከፍተኛ ሙቀት ሳይቀር ወደ ጠጣርነት የሚለወጡት ንጥረ ነገሮች ናቸው ይበልጥ የጎደሉት። አልጠፉም፤ አቧራ ውስጥ ገብተዋል። ከጋዙ የጎደለውን መቁጠር አቧራውን መቁጠር ነው።

ይህ ስሌት አንድ ደካማ ጎን አለው። "የሚጠበቀው" የምንለው መጠን ከፀሐይ ወይም ከቅርብ ወጣት ከዋክብት የተወሰደ ነው። መነሻው ትንሽ ቢዛነፍ በተለይ የኦክስጅን ስሌት ይናጋል፤ ኦክስጅን ከጋዙ የሚጎድለው ትንሽ ስለሆነ ያቺው ትንሽ ስህተት በአቧራው ድርሻ ላይ ትጎላለች።

ጥያቄ፦ አቧራውን በቀጥታ መመርመር አይቻልም?

መልስ፦ ይቻላል። 10 ማይክሮሜትር አካባቢ ባለው ኢንፍራሬድ ላይ ሲሊኬት፣ ማለትም ሲሊከንና ኦክስጅን ያለበት የድንጋይ ማዕድን፣ ሰፊ ምልክት ይተዋል። ራጅ ደግሞ በጋዝም በአቧራም ያለውን አተም አንድ ላይ ይቆጥራል። ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን በሳተርን ዙሪያ የነበረችው የጠፈር መንኮራኩር ካሲኒ ናት። ከሥርዓተ ፀሐያችን ውጭ የመጡ 36 ቅንጣቶችን መዝግባለች፤ ውጤቱ በ2016 ይፋ ሆነ። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ በጣም ይመሳሰሉ ነበር። በውስጣቸው የተገኙትም ማግኒዚየም፣ ሲሊከን፣ ካልሲየም እና ያው ከጋዙ የጎደለው ብረት ናቸው።