የአንባቢዎች ጥያቄ፦ መኪና ቀማኛ ሲመጣ በእጅ ያለ ዕቃ ምን ያደርጋል?

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ዲሲ ማታ ማታ ኡበር እሠራለሁ። ሽጉጥ መያዝ አልፈልግም፣ ኩባንያውም ይከለክላል። መኪናዬ ውስጥ ግን ካቻቪቴ፣ የብረት የውሃ ኮዳ፣ ዣንጥላና ትኩስ ቡና በፔርሙዝ አይጠፉም። ቀማኛ ቢመጣብኝ በየትኛው ልከላከል?
— ሹፌር፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ቀማኛው መሣሪያ ይዞ መኪናውን ብቻ ከጠየቀ በአንዳቸውም አይከላከሉ። ቁልፉን ሰጥተው ይራቁ። በ2023 የዲሲ ፖሊስ 959 የመኪና ቅሚያ መዝግቧል፤ ስለዚህ ስጋትዎ ትክክል ነው። ነገር ግን ሰው የሚሞተው በጥይት ብቻ አይደለም። በማርች 2021 እዚያው ዲሲ፣ ከቤዝቦል ስታዲየሙ አጠገብ፣ የ13 እና የ15 ዓመት ልጃገረዶች በኤሌክትሪክ መደንዘዣ አጥቅተው የአንድ ምግብ አድራሽ ሹፌር መኪና ቀሙ። ሽጉጥ አልነበራቸውም። ሹፌሩ የተከፈተውን በር ይዞ ሳለ መኪናው ተፈትልኮ ሄዶ ተገለበጠ፣ እሱም ሞተ። እኛ የምንፈራው ይህን ነው፦ የሚንቀሳቀስ መኪና ላይ መንጠልጠልን።

ወንበር ላይ ተቀምጦ መታገል ለምን እንደማያዋጣ ደግሞ በባዶ እጅዎ ሞክረው ማየት ይችላሉ። ቀበቶው ትከሻዎን ይዞታል፣ መሪው ፊትዎ ነው፣ ግራ ክንድዎ በበሩና በወንበሩ መካከል ተጣብቋል። እጅዎን ወደ ኋላ ስበው ለመምታት ቦታ የለም። ቆሞ ከላይ የሚያይዎት ሰው ግን ሁለቱም እጆቹ ነጻ ናቸው። ካቻቪቴው የሚሠራው ሰውየው ሲጠጋዎት ብቻ ነው፤ ከተጠጋ ደግሞ ነጥቆ መልሶ በእርስዎ ላይ ሊያውለው ይችላል። ፔርሙዙን ለመክፈት ሁለት እጅ ያስፈልጋል፣ ቡናውም ወፍራም ጃኬት ላይ ከፈሰሰ ማናደድ እንጂ ማስቆም አይችልም። ቁልፍ በጣቶች መካከል ይዞ መምታት የሚባለውም ቁልፉ ስለሚዞር የራስዎን ጣት ይጎዳል። ከዚያም በላይ ሰውየው የመጣው ለዚያው ቁልፍ ነው።

አንዳንዶች የተርብ መግደያ መርጫ ይመክራሉ። አይግዙት። ሰውን ለማስቆም የተሠራ አይደለም፣ አሜሪካ ውስጥም ፀረ ተባይን ከተጻፈበት አጠቃቀም ውጭ መጠቀም የፌዴራል ሕግ መጣስ ነው። የእሳት ማጥፊያም ቢሆን በተዘጋ መኪና ውስጥ ከተለቀቀ ዱቄቱ መጀመሪያ የሚያፍነው እርስዎን ነው።

መታገል ተገቢ የሚሆነው ሰውየው መኪናውን ትቶ እርስዎን ሲፈልግ ነው፤ አብረኸኝ ትሄዳለህ ሲል፣ ትራንክ ውስጥ ግባ ሲል፣ ወይም ያለ መሣሪያ አንገትዎን ይዞ ሲጎትት። ያን ጊዜ የብረት ኮዳው ከሁሉ ይሻላል። ውሃ የያዘ ሲሆን ክብደት አለው፤ ከአንገቱ ይያዙትና የያዘዎትን እጅ ይምቱ፣ እንደለቀቀ ይሩጡ። ዣንጥላውን አይወዝውዙት፤ ሳይዘረጉ በሁለት እጅ አግድም ይዘው ደረቱን ይግፉ። ጃኬት ፊቱ ላይ መወርወርም አንድ ሁለት እርምጃ ያስገኛል። ሩጫው መኪናው ፊቱን ካዞረበት በተቃራኒ፣ በቆሙ መኪኖች መካከል ይሁን።

ትራንክ ውስጥ ከተቆለፈብዎት ተስፋ አይቁረጡ። ከ2002 ሞዴል ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የተሸጡ ትራንክ ያላቸው የቤት መኪኖች በጨለማ የሚያበራ መክፈቻ ከውስጥ አላቸው። የእርስዎ መኪና ላይ የት እንዳለ ዛሬ በቀን ብርሃን ያግኙት።

ጥያቄ፦ ፔፐር ስፕሬይ መኪና ውስጥ ብይዝስ?
— ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ ከመኪና ውጭ ጥሩ ነው፣ ከውስጥ ግን ራስዎን ያሳውራል። በጉም መልክ የሚረጨው በመስኮት ክፍተት እንኳ ተመልሶ ይገባል። ከገዙ በቀጭን መስመር የሚወጣውን ወይም ጄሉን ይግዙ፤ ነፋስ ብዙ አይመልሰውም። ጣሳውን ክሩስኮቶ ላይ አይተዉት፤ አብዛኞቹ ጣሳዎች ከ49 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እንዳይቀመጡ ተጽፎባቸዋል፣ በበጋ ፀሐይ የቆመ መኪና ደግሞ ከዚያ በቀላሉ ያልፋል። በዲሲ ሕግ ዕድሜዎ 18 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት፣ ጣሳውም የአጠቃቀም መመሪያና የሚያገለግልበት ጊዜ ሊኖረው ይገባል። ጊዜው ያለፈበት ጣሳ ግፊቱ ስለሚቀንስ እግርዎ ሥር ይንጠባጠባል። ሽጉጥ የያዘ ሰው ላይ አይርጩ።

ጥያቄ፦ ሁለት ትንንሽ ልጆች ከኋላ አስቀምጬ ነው የምነዳው። መኪናውን ስጡ ትላላችሁ፤ ልጆቼንስ?
— እናት፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ እህታችን፣ ከሁሉ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። በሴፕቴምበር 1992 እዚያው ሜሪላንድ አንዲት እናት መኪናዋን ስትቀማ ክንዷ በቀበቶው ተይዞ መኪናው ጎትቷት ሞታለች። ከኋላ የነበረችው ሕፃን ልጇ ተርፋለች። መኪና ቅሚያን የፌዴራል ወንጀል ያደረገው ሕግ የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከቀበቶው መውጣትን ይልመዱ።

እጆችዎን መሪው ላይ ከፍ አድርገው ጣቶችዎን ይዘርጉ። ከመንቀሳቀስዎ በፊት የሚያደርጉትን ይናገሩ። እግርዎ ፍሬን ላይ እያለ ማርሹን ፓርክ ላይ ያድርጉ፤ ይህን ከዘነጉ እግርዎን ሲያነሡ መኪናው ይሄዳል፣ ሰውየውም ልታመልጥ ነው ብሎ ሊተኩስ ይችላል። ከዚያ በቀኝ አውራ ጣት የቀበቶውን ቁልፍ ይጫኑ፣ በዚያው ቅጽበት በግራ እጅ ቀበቶውን ትከሻዎ አጠገብ ይዘው ወደ በሩ ይግፉትና ክርንዎን ያውጡ። ቁልፉን ብቻ ተጭነው ከተነሡ ቀበቶው ሲጠቀለል ክርንዎ ላይ ይጠመጠማል። ቤትዎ በር ላይ ቆመው፣ ዓይንዎን ጨፍነው እስኪለምዱት ድረስ ይሞክሩት።

ለልጆቹ ጊዜ የሚገዛልዎት ዕቃ የመኪናው ቁልፍ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ከሆነ ቁልፉን ለሰውየው በእጁ አይስጡት፤ ከመኪናው ርቆ፣ ልጆቹ ከሚወጡበት በር በተቃራኒ ይወርውሩት። እሱ ለማንሣት ሲሄድ እርስዎ የኋላውን በር ይከፍታሉ። ሞተሩ እየሠራ ከሆነ ግን በእንግሊዝኛ ጮክ ብለው «ማይ ኪድስ አር ኢን ዘ ባክ» (ልጆቼ ከኋላ ናቸው) ይበሉ። ብዙውን ጊዜ ቀማኛው መኪና እንጂ ልጅ ይዞ መሄድ አይፈልግም። የልጁን ወንበር ለመፍታት የደረቱን ማያያዣ ጨምቀው ይለያሉ፣ ከዚያ በእግሮቹ መካከል ያለውን ቀይ ቁልፍ ይጫናሉ። እጀታ ያለው የጨቅላ ወንበር ከሆነ ቀበቶውን ከመፍታት ይልቅ ከመቀመጫው ነቅሎ ከነሕፃኑ ማውጣት ይፈጥናል። ልጁ ውስጥ እያለ መኪናው ከሄደ አይንጠልጠሉ፤ 911 ደውለው የመጀመሪያው ቃልዎ ልጅ መኪናው ውስጥ መኖሩ ይሁን።

ጥያቄ፦ ተሳፋሪ ላወርድ ስቆም በሮቹ ሁሉ ራሳቸው ይከፈታሉ። ልክ ነው?
— ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ብዙ መኪኖች ማርሹ ፓርክ ላይ ሲሆን ቁልፋቸውን እንዲከፍቱ ተደርገው ይመጣሉ። ከመኪናው ሜኑ ወይም ከመመሪያው ደብተር ይህን ማጥፋት ይቻላል፤ እኛ ቢሆን ዛሬ እናጠፋው ነበር። መብራት ላይ ሲቆሙ ከፊትዎ ያለው መኪና የኋላ ጎማዎች አስፋልቱን ሲነኩ እስኪታዩዎት ያህል ይራቁ፤ ወደ ኋላ ሳይሉ ለመታጠፍ ይበቃል። ጨለማ ቦታ ከኋላ ቀስ ብሎ ቢገጭዎት አይውረዱ፤ አራቱንም ፍሬቻ አብርተው ሰው ያለበት ነዳጅ ማደያ ድረስ ይንዱ፣ እየሄዱም 911 ይደውሉና ለምን እንዳልቆሙ ያስረዱ።

ጥያቄ፦ መኪናው ከሄደ በኋላ ምን ላድርግ? እንግሊዝኛዬ ስደነግጥ ይጠፋብኛል።
— ከዲሲ

መልስ፦ 911 ሲያነሡ «አምሃሪክ» ይበሉና ስልኩን ሳይዘጉ ይጠብቁ፤ አስተርጓሚ ያገናኙዎታል። ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት አማርኛ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ታርጋውን፣ ቀለሙንና የሄደበትን አቅጣጫ ይናገሩ። ታርጋውንና 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን የመኪናውን መለያ በወረቀት ጽፈው ቦርሳዎ ውስጥ ይያዙ፤ ስልክዎ ከመኪናው ጋር ሊሄድ ይችላልና። ኤርታግ (ያለበትን ቦታ በስልክ የሚያሳይ ትንሽ መከታተያ) መኪናው ውስጥ ከደበቁ ቦታውን ለፖሊስ ያሳዩ እንጂ ራስዎ ተከትለው አይሂዱ። የቤት ቁልፍዎን ከመኪናው ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት ይዘው ከነበረና አድራሻዎ ያለበት ሬጂስትሬሽን መኪናው ውስጥ ከቀረ፣ የቤትዎን ቁልፍ በዚያው ዕለት ያስቀይሩ፣ የጋራዡ መክፈቻም የቀድሞውን ሪሞት እንዳይቀበል ኮዱን ይደምስሱ።