ዛፉ ሳይቆረጥ ዲሹ ይሠራ ይሆን? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ግቢው በዛፍ ተሞልቷል፣ ቴሌቪዥኑ «ሲግናል የለም» ይላል፣ ቤተሰቡም መጋዝ ሊያነሳ ነው። እባካችሁ መጋዙን ለጊዜው አስቀምጡት። አብዛኛውን ጊዜ ቦታ መቀየር ያለበት ዲሹ ነው።

ቤታችን በአራቱም በኩል በትልልቅ ዛፎች የተከበበ ነው። ዲሽ ሊሠራልን የመጣው ልጅ ቀና ብሎ አየና «እዚህ አይሆንም» ብሎን ሄደ። እውነት አይሆንም?

ቀና ብሎ በማየት ብቻ አይሆንም ማለት አይቻልም። ዲሽ ሰማዩ በሙሉ እንዲከፈትለት አይፈልግም። የሚፈልገው ወደ ሳተላይቷ የሚወስድ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ነው። የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ፣ 35,786 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከመሬት ጋር እኩል ይዞራሉ። ስለዚህ ከግቢያችሁ ሲታዩ ሁሌም ያው ቦታ ላይ ናቸው። መስመሯ አትቀያየርም። ከዲሹ ጀርባና ከጎኑ ያለው ዛፍ ምንም አያደርጋችሁም።

መስመሯን ለማግኘት ሁለት ቁጥር ይበቃል፦ ወደ የት አቅጣጫ እንደሆነችና ከአድማስ ምን ያህል ዲግሪ ከፍ እንዳለች። ለዲሽ ማስተካከያ የተሠሩ የስልክ አፕሊኬሽኖች ሁለቱንም ያወጣሉ። አንዳንዶቹ የስልኩን ካሜራ ተጠቅመው ሳተላይቷ ያለችበትን ነጥብ ሰማዩ ላይ ያሳያሉ። ስልኩን ይዛችሁ ግቢውን ጥግ በጥግ ዙሩ። ከመኪና፣ ከብረት አጥርና ከቆርቆሮ ራቅ በሉ፤ ኮምፓሱን ያሳስቱታል።

ከዚያ ሒሳቡ ቀላል ነው። ሳተላይቷ 45 ዲግሪ ላይ ካለች፣ ከዲሹ 10 ሜትር ከፍ የሚል ዛፍ ቢያንስ 10 ሜትር መራቅ አለበት። 30 ዲግሪ ላይ ከሆነች ርቀቱ ወደ 17 ሜትር ያድጋል። 60 ላይ ከሆነች ግን 6 ሜትር ይበቃል። በዚህ ላይ መጠባበቂያ ጨምሩበት፤ ዛፍ ያድጋል፣ ቅርንጫፉም ወደ ጎን ይዘረጋል።

እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ግን ፀሐይን ነው። በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ፣ ለተከታታይ ቀናት፣ ፀሐይ በየዕለቱ ለጥቂት ደቂቃዎች ልክ ከሳተላይቷ ኋላ ታልፋለች። ዲሽ ያለው ሰው ያን ጊዜ ምስሉ ሲቋረጥበት ያውቀዋል። ቀኑንና ሰዓቱን ለአካባቢያችሁ የሚያሰሉ አፕሊኬሽኖች አሉ። በዚያች ሰዓት ውጡና መሬቱን ተመልከቱ። ፀሐይ ያረፈበት ቦታ ሳተላይቷን ያያል፤ ጥላ ያረፈበት አያይም። በቅጠል መሐል ሾልካ የወረደች ብጫቂ ብርሃን አትቆጠርም። ከዲሹ ሰፋ ያለ የብርሃን ቦታ ካገኛችሁ ግን እዚያው ችካል ትከሉ።

ከዲሹ ፊት ለፊት ምንም ዛፍ የለም። ሜዳ ነው። ታዲያ ሲግናል ለምን እንቢ አለ?

ኤልኤንቢው፣ ማለትም ዲሹ የሰበሰበውን ሲግናል ተቀብሎ ወደ ኬብሉ የሚያስገባው ዕቃ፣ የተሰካው ከሥር በኩል በወጣው ክንድ ጫፍ ላይ ከሆነ፣ ዲሹ ኦፍሴት የሚባለው ዓይነት ነው። ይህ ዲሽ በዓይን ሲታይ የሚመለከትበትና እውነት የሚቀበልበት አቅጣጫ ይለያያሉ። ሲግናሉ የሚመጣው ፊቱ ከዞረበት ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ከፍ ብሎ ነው። ሳተላይቷ 22 ዲግሪ አካባቢ ላይ ብትሆን ዲሹ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እሱ ግን የሚቀበለው ከሰማይ ነው።

ስለዚህ ፊት ለፊት ያለውን ሜዳ ይተዉትና ከፍ አድርገው ይመልከቱ። ምናልባት ከላይ የተዘረጋ፣ ማንም ያልጠረጠረው አንድ ቅርንጫፍ ያገኛሉ። የተገላቢጦሹም ይሠራል። ከዲሹ ፊት ያለችውን አጭር የአጥር ተክል በከንቱ የሚቆርጡ ሰዎች አሉ፤ እሷ ከመስመሩ በታች ናት።

ነፋስ ሲነፍስ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ዝናብ ሲዘንብ ጭራሽ ይጠፋል። ጥፋቱ የዛፉ ነው የዲሹ?

ይህን ለመለየት ትዕግሥት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ዝናቡ እየጣለ ጠፍቶ፣ ሲያባራ ወዲያው የሚመለስ ከሆነ ሲግናሉን የወሰደው ዝናቡ ራሱ ነው። ዲሹን በደንብ በማስተካከል ወይም ትንሽ ሰፋ ያለ በመትከል ይሻሻላል። ዝናቡ ካባራ በኋላም ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ቆይቶ፣ ፀሐይ ሲወጣ የሚመለስ ከሆነ ግን ሁለት ነገር ይጠርጥሩ። አንደኛው በመስመሩ ላይ ያለ እርጥብ ቅጠል ነው። አብዛኛው የቤት ዲሽ የሚቀበለው ሞገድ ከ10.7 እስከ 12.75 ጊጋኸርዝ ያለውን ነው፤ ርዝመቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ቅጠል ውሃ አዘል ስለሆነ ያንን ሞገድ ይውጠዋል፣ ይበትነዋልም። ሲረጥብ ይብስበታል።

ሁለተኛው ኬብሉ ውስጥ የገባ ውሃ ነው። ከኤልኤንቢው ጋር የተያያዘችውን የኬብል ጫፍ ፈትተው ይዩ። የመሐሏ የመዳብ ሽቦ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሆና ካገኟት ዛፉ ነፃ ነው። ጫፉን ቆርጠው እንደ አዲስ ይሥሩትና ውሃ እንዳይገባበት በደንብ ይጠቅልሉት።

ነፋሱን በተመለከተ፣ አንድ ሰው የቆመበትን ብረት ይዞ በስሱ ይነቅንቀው፤ ሌላው ስክሪኑ ላይ «ኳሊቲ» የሚለውን የሲግናል ጥራት መለኪያ ይይ። ኳሊቲው ከፍ ዝቅ ካለ ብሎኑ ላልቷል። ብረቱ ንቅንቅ ካላለ ግን ነፋሱ ቅርንጫፍ እያወዛወዘ መስመሩን እየዘጋና እየከፈተ ነው።

ትልቅ ዲሽ ብገዛ ዛፉን አልፎ አይቀበልም? ወይስ ቡስተር ልጨምር?

ቡስተሩን ይተዉት። ቡስተር፣ ማለትም ኬብሉ ላይ የሚገባው የሲግናል ማጉያ፣ ኬብሉ በጣም ሲረዝም ይጠቅማል። ዛፉ ያስቀረውን ሲግናል ግን መልሶ አያመጣም፤ የደረሰውን ደካማ ሲግናል ከነጫጫታው ያጎላዋል እንጂ።

ትልቅ ዲሽ በመጠኑ ይረዳል። ከ60 ሴንቲ ሜትር ወደ 85 ሲያድጉ የሚሰበሰበው ሲግናል ሁለት እጥፍ ይሆናል። ጫፍ ጫፉን ለነካ ስስ ቅጠል ይህ ሊበቃ ይችላል። ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ግን ከዚያ በብዙ የሚበልጥ ይወስዳል። በዚያ ላይ ዲሹ በሰፋ ቁጥር የሚያይበት ቀዳዳ ይጠባል፣ ማስተካከሉ ይከብዳል፣ ነፋስም ይይዘዋል። መጀመሪያ ቦታውን ይቀይሩ፣ መጠኑ ቀጥሎ ይመጣል።

ዲሹን ዛፉ ጫፍ ላይ ብንሰቅለውስ? ከፍ ሲል ይሻላል ይባላል።

ኧረ በፍጹም! ዛፍ ይወዛወዛል። የ90 ሴንቲ ሜትር ዲሽ የሚቀበልበት ስፋት ሁለት ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከመሐሉ አንድ ዲግሪ ቢዞር ግማሹ ሲግናል ይሄዳል። ለሰውም አደጋ ነው።

ከፍ ሲል ይሻላል የሚባለው ከምድር ማሰራጫ ለሚቀበል አንቴና ነው። ሳተላይቷ ካለችበት ርቀት አንጻር ጣሪያና መሬት ልዩነት የላቸውም። መስመሩ ክፍት ከሆነ ዲሹን መሬት ላይ፣ በኮንክሪት በተተከለ ቱቦ ብረት መሥራት እንዲያውም ይሻላል፤ አይወዛወዝም፣ ለማስተካከልም መሰላል አያስፈልግም። ቱቦው በውሃ ልክ ተለክቶ ቀጥ ይበል። ኬብሉ አርጂ 6 (RG6) የሚባለው የዲሽ ኬብል፣ ጥሩው ዓይነት፣ ከሆነ 30 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል። መሬት ውስጥ ካለፈ በፕላስቲክ ቱቦ ይግባ።

የተወሰኑ ቻናሎች ብቻ ጠፍተውብኛል። ዛፍ መርጦ ይከለክላል እንዴ?

ደካማ የሆኑት ቀድመው ይጠፋሉ፤ ስለዚህ ዛፉ ሊሆን ይችላል። ዲጂታል ሲግናል እየደበዘዘ አያስጠነቅቅም። እስከ አንድ ደረጃ ጥርት ብሎ ይሠራል፣ ከዚያ ሲወርድ ይሰባበርና ይቆማል።

ግን የጠፉትን ቻናሎች ዝርዝር ይዩ። ሁሉም ሆሪዞንታል (H፣ ሞገዱ አግድም የሆነ) ወይም ሁሉም ቨርቲካል (V፣ ሞገዱ ቀጥ ብሎ የቆመ) ከሆኑ ዛፉን አይውቀሱ። ሪሲቨሩ ለቨርቲካል 13 ቮልት፣ ለሆሪዞንታል 18 ቮልት ወደ ኤልኤንቢው ይልካል። አንዱ ወገን በሙሉ ከጠፋ ችግሩ ኤልኤንቢው፣ ኬብሉ ወይም ሪሲቨሩ ጋ ነው። ሲለኩም ስትሬንዝ (የሲግናል ጥንካሬ) የሚለውን ትተው ኳሊቲውን ይመኑ። ስትሬንዝ ዲሹ ምንም ሳያገኝ እንኳ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል።

መስመሩ ላይ ያለው የጎረቤት ዛፍ ነው። አናቱን ቢቆርጡልኝ ብዬ ልጠይቅ አስቤያለሁ።

ይጠይቁ፤ ግን አናቱን አይሁን። አናቱ የተቀላ ዛፍ ከቁስሉ ሥር ብዙ ጥቅጥቅ ያለ ቀንበጥ ያወጣል። በዚያው መስመር ላይ ከበፊቱ የባሰ መጋረጃ ይሆንብዎታል፣ አዲሱ ቅርንጫፍም በቀላሉ የሚገነጠል ነው። ስንት ዓመት የፈጀ ዛፍ ለቻናል ተብሎ እንዲህ ሲበላሽ ማየት ያሳዝነኛል። በስልኩ ካሜራ መስመሩን ለጎረቤትዎ ያሳዩና የምትዘጋው ቅርንጫፍ ብቻ ከመነሻዋ ትቆረጥ። የኤሌክትሪክ ሽቦ በአጠገቡ ካለፈ ግን ማንም እንዳይነካው፤ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ሰዎች ይጠሩ።

እንቢ ካሉዎት የሚፈልጓቸው ቻናሎች በሌላ ሳተላይት ላይ እንዳሉ ይፈትሹ። ሌላ ሳተላይት ማለት ሌላ መስመር ነው፤ ዛፎቹ በዚያ በኩል ክፍተት ሊኖራቸው ይችላል። ያም ካልሆነ፣ አካባቢዎ የምድር ዲጂታል ስርጭት ካለው ሞገዱ በጣም ረጅም ስለሆነ ቅጠልን በተሻለ ያልፋል።

የመረጡት ቦታ የትም ይሁን፣ ዲሽ ሠሪው ሲሚንቶ ከማቡካቱ በፊት ዲሹን በእጁ ደግፎ እዚያው ቦታ ላይ ይሞክረው። ቅጠሉ በረገፈበት ወቅት የሚሞክሩ ከሆነ ደግሞ ባዶ ቅርንጫፎቹን እንደ ቅጠል ይቁጠሯቸው።