በሚቆልፍ ፔዳል ሳይወድቁ መንዳት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ለአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። ዕድሜዬ አርባን ካለፈ በኋላ ሐኪሜ እንቅስቃሴ እንዳደርግ ስለመከረኝ ብስክሌት መንዳት ጀመርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረውኝ የሚነዱት የአገሬ ልጆች ጫማን ከፔዳል ጋር የሚቆልፈውን፣ ክሊፕለስ የሚባለውን ፔዳል ካልገዛህ ብለው ስለጎተጎቱኝ ገዛሁ። በማውንት ቨርነን የብስክሌት መንገድ ላይ እስካለሁ ድረስ ምንም አልገጠመኝም። ከዚያ ወደ አሮጌው ከተማ ገብቼ በአንድ መስቀለኛ መንገድ ልቆም ስል ግን እግሬ አልላቀቅ ብሎኝ በሰው ሁሉ ፊት በግራ ጎኔ ተጋደምኩ። ክርኔ ተልጧል፤ ከቁስሉ ይልቅ ያመመኝ ግን ኀፍረቱ ነው። ባለቤቴ «እግርህን አስረህ መንገድ ላይ ምን ትሠራለህ? ለሻጩ መልስለት» ትለኛለች። ሳልወድቅ ልለምደው የምችልበት ዘዴ አለ? ወይስ እርሷን ልስማ?

መልስ

በቅድሚያ እንኳን ክርንዎ ብቻ ተልጦ ተረፉ። የወደቁት እየፈጠኑ ሳሉ ሳይሆን ሊቆሙ ሲሉ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ የዚህ ፔዳል ጀማሪዎች በሙሉ ለማለት ይቻላል የሚወድቁት እንዲሁ ነው። ብስክሌት በሚሄድበት ጊዜ ሚዛኑን በራሱ ይጠብቃል። ፍጥነቱ ከእግረኛ እርምጃ በታች ሲወርድ ግን መሬት የሚረግጥ እግር ከሌለ የሚደግፈው ነገር አይኖርም። በዚያች ቅጽበት የደነገጠ ሰው ለዘመናት በተራ ፔዳል የለመደውን ያደርጋል፤ እግሩን ወደ ላይ ወይም ወደ ኋላ ይስባል። ፔዳሉ ደግሞ በዚያ አቅጣጫ እንዳይለቅ ሆኖ የተሠራ ነው። በተለምዶ የሚለቀው ተረከዝ ከብስክሌቱ ርቆ ወደ ውጭ ሲጠመዘዝ ነው።

የባለቤትዎ ሥጋት መነሻ ያለው ቢሆንም «መታሰር» የሚለው ቃል የሚስማማው ይልቁንም ለቀድሞዎቹ ፔዳሎች ነበር። የቀድሞዎቹ ተወዳዳሪዎች የጫማቸውን አፍንጫ በብረት ቅንፍ ውስጥ ከትተው በቆዳ ጠፍር ይጠፍሩት ስለነበር እግራቸውን ለማውጣት ጎንበስ ብለው በእጃቸው መፍታት ነበረባቸው። በ1984 ሉክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የበረዶ መንሸራተቻ ማሰሪያ ከመሥራት ያገኘውን ልምድ ወደ ብስክሌት አመጣ። የበረዶ ተንሸራታች ሲወድቅ እግሩ እንዳይሰበር ማሰሪያው በጥምዘዛ መልቀቅ ነበረበትና ፔዳሉም በዚሁ ስልት ተሠራ። በዓመቱ፣ በ1985፣ ፈረንሳዊው ብስክሌተኛ በርናር ኢኖ ቱር ደ ፍራንስ የተባለውን ታላቅ የብስክሌት ውድድር በዚሁ ፔዳል አሸነፈ። ሺማኖ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራው፣ ኤስፒዲ የተባለው አነስተኛ ዓይነት በ1990 ለተራራ ብስክሌት ወጣ፤ ዛሬ ለጀማሪ የሚመከረውም በአብዛኛው እርሱ ነው። ስለዚህ በእጅዎ ያለው ዕቃ የሚፈታው በእግር እንቅስቃሴ ነው፤ የሚቀረው እንቅስቃሴውን ሳያስቡበት እስኪመጣ ድረስ መለማመድ ነው።

ልምምዱን ከመጀመርዎ በፊት ዕቃውን ያስተካክሉ። ብዙ ሰው የሚወድቀው በራሱ ጥፋት ሳይሆን ሱቅ ውስጥ ጠብቆ በቀረ ሞላ ምክንያት ነው። በፔዳሉ አካል ላይ ሞላውን የሚያላላና የሚያጠብቅ ትንሽ ብሎን ያገኛሉ። የእርስዎ ፔዳል ኤስፒዲ ከሆነና በሁለቱም ፊት የሚቆልፍ ከሆነ በአንዱ ፔዳል ላይ ሁለት፣ በጠቅላላው አራት ብሎኖች አሉት ማለት ነው። አራቱንም እስከ ዝቅተኛው ልክ ድረስ ያላሏቸው፤ አንዱ ከተረሳ ፔዳሉ በአንድ ፊቱ እሺ ብሎ በሌላው እምቢ ይልዎታል። በጫማው ሥር የሚታሰረው ክሊት የተባለው ብረት ደግሞ በኤስፒዲ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። ኤስኤች-51 የተባለው ተረከዝን በመጠምዘዝ ብቻ ይለቃል፤ ኤስኤች-56 የተባለው ግን በሌላ አቅጣጫም ጠንከር ብለው ሲስቡት ይለቃል። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ሁለተኛውን ቢገዙ መልካም ነው፤ ሲደነግጡ እግርዎን ወደ ላይ የመሳብ ልማድዎን ይቅር ይልዎታልና።

አንድ ነገር ላይ ቆም ልበል፤ በመመሪያ ወረቀት ላይ እምብዛም አይጻፍም። ክሊቱ በጫማው ሥር የሚታሰረው በሁለት ብሎን ነው። አንደኛው ላልቶ ከወደቀ ተረከዝዎን ሲያዞሩ የሚዞረው ጫማው ብቻ ይሆናል፤ ክሊቱ በቀረው ብሎን ዙሪያ እየተሽከረከረ ፔዳሉ ውስጥ እንደተቆለፈ ይቀራል። ምንም ያህል ቢጠመዝዙ አይለቅም። የለመዱ ነጂዎችን ጭምር የሚጥለው ይህ ነው። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ሁለቱንም ብሎኖች እንደገና ያጥብቁ፤ ከዚያም አልፎ አልፎ ጫማውን ገልብጠው ይመልከቱ። በመንገድ ላይ ይህ ከደረሰብዎ ደግሞ ከፔዳሉ ጋር አይታገሉ፤ ሳይቆሙ በዝግታ እየነዱ የጫማውን ማሰሪያ ፈተው እግርዎን ከጫማው ውስጥ ያውጡ። ጫማው ፔዳሉ ላይ ይቅር፤ እርስዎ በካልሲ ይቁሙ።

አሁን ወደ ልምምዱ። ግድግዳ ወይም አጥር አጠገብ ብስክሌትዎ ላይ ተቀምጠው በአንድ እጅዎ ይደገፉ፤ አንዱን እግር ቆልፈው ያላቅቁ፤ ይህንኑ እስኪሰለችዎ ይደጋግሙ፤ ከዚያ ወደ ሌላው እግር ይለፉ። ሲቆልፉ የክሊቱን አፍንጫ በቅድሚያ ወደ ፔዳሉ አስገብተው ክብደትዎን ወደ ታች ይጫኑ፤ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማሉ። ሲያላቅቁ ፔዳሉ ወደ ታች በደረሰበት፣ እግርዎ በተዘረጋበት ጊዜ ተረከዝዎን ወደ ውጭ ይግፉ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ጣቶቹን ይመለከታል፤ ይህ ልማድ ካልተተወ መንገድ ላይ አንገትን ወደ መሬት አስደፍቶ ሚዛን ያሳጣልና ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ፊት ለፊት እያዩ ይለማመዱ።

ቀጥሎ ሰዎች ሁሉ ሣር ላይ ንዱ ይላሉ። ለመውደቅ ሣር ይሻላል፤ ለመማር ግን፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ያን ያህል አይመችም። ሣር ጎማን ይዞ ፍጥነትን ስለሚበላ ያልለመደውን ሰው ቶሎ ሚዛን ያሳጣዋል። እሁድ ጠዋት ባዶ የሆነ፣ ደልዳላ የመኪና ማቆሚያ ያግኙ። በዚያ አንድ እግርዎን ብቻ ቆልፈው ሌላውን በፔዳሉ ላይ እንዲያው አሳርፈው ይዙሩ። እየነዱ ቆልፈው ያላቅቁ፤ ከዚያ ሁለቱንም ይቆልፉ።

ዋናው ትምህርት ግን አቋቋሙ ነው፤ ቅደም ተከተሉን በቃልዎ ይያዙት። መቆሚያ ቦታውን ገና ከሩቅ ሲያዩ ማርሹን ያቅልሉ፤ ፍሬን ከመያዝዎ በፊት እግርዎን ያላቅቁ፤ የተላቀቀውን እግር መልሰው በፔዳሉ ላይ ሳይቆልፉ ያሳርፉት፤ ከዚያ ፍሬን ይያዙ፤ ከኮርቻው ወደ ፊት ወርደው ዳሌዎን ወደ ተላቀቀው እግር በኩል አዘንብለው ይቁሙ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም ይበልጣል። ቀኝ እግራቸውን አላቅቀው ወደ ግራ የተጋደሙ ብዙ ናቸው፤ አካሉ ባልተፈታው እግር በኩል ካዘነበለ የተፈታው እግር ምንም አያደርግምና። ቀይ መብራት ሊለወጥ ይችላል ብለው ማላቀቁን አያዘግዩ፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ካገኙት መልሶ መቆለፍ ቅጽበት ነው።

የትኛውን እግር ለሚለው፣ ለጊዜው አንዱን መርጠው ሁልጊዜ እርሱን ያላቅቁ። አሜሪካ እንደ ኢትዮጵያ በቀኝ የሚነዳበት አገር ስለሆነ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ በቀኝዎ ይገኛል፤ ጠርዙ ከፍ ያለ ከሆነ ቀኝ እግርዎን በዚያ ላይ ማሳረፍ ይመቻል። ካቴናው በቀኝ በኩል በመሆኑ የሱሪያቸውን ጫፍ ቅባት እንዳይነካባቸው ግራውን የሚመርጡም አሉ። ውሎ አድሮ ሁለቱንም መልመድ ይኖርብዎታል፤ አስፋልት ውኃ እንዲያፈስ ወደ ዳር ዝቅ ተደርጎ ስለሚሠራ ጠርዝ በሌለበት ቦታ ቀኙ እግር መሬቱን ፍለጋ ብዙ ይወርዳል።

በማውንት ቨርነን መንገድ ላይ ደህና መሆንዎ አያስገርምም፤ መንገዱ ወደ 29 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን በአብዛኛው ከመኪና የተለየ ነው። በአሮጌው ከተማ ውስጥ ግን በተራ ጎዳና ያልፋል፤ የቁም ምልክቱ፣ ጎብኚው፣ ድንገት የሚከፈተው የመኪና በር ሁሉ በዚያ ነው። ወሩ እስኪሞላ ድረስ ከተማው ከመግባትዎ በፊት አንዱን እግር አላቅቀው በዚያው ሁኔታ ይለፉ። ለእግረኛም ሲቀርቡ እንዲሁ ያድርጉ።

ሲወድቁ ደግሞ፣ ከወደቁ፣ መሪውን አይልቀቁ። እጅን ዘርግቶ መሬትን ለመደገፍ መሞከር የእጅ አንጓንና የትከሻ አጥንትን ለስብራት ይዳርጋል፤ በዝግታ የወደቀ ሰው ዳሌው ላይ ሰንበር ቢያወጣ ይሻለዋል።

«ባለቤቴን ልስማ?» ላሉት፣ ከፊል እውነት አላት። ይህ ፔዳል ጉልበትን በብዙ እጥፍ ይጨምራል ብሎ የሚነግርዎ ሻጭ ያጋንናል። ጥቅሙ መንገዱ ሲንቀጠቀጥ ወይም ከኮርቻ ተነሥተው ዳገት ሲወጡ እግርዎ አለመንሸራተቱ ነው። ረጅም መንገድ ለሚሄዱ ይህ ብዙ ነው፤ ወደ ገበያ ለሚሄዱ ምንም አይደለም። በአንድ ፊቱ የሚቆልፍ፣ በሌላው ፊቱ ተራ የሆነ ፔዳል ስለሚሸጥ በእርሱ ሁለታችሁም ልትስማሙ ትችላላችሁ፤ ከተማ ውስጥ በተራው ፊት፣ ከከተማ ውጭ በሚቆልፈው።

ጥያቄ

ያገለገለ የውድድር ብስክሌት አዲስ አበባ ውስጥ ገዛሁ። ፔዳሉ ላይ ሉክ ኪዮ የሚል ጽሑፍ አለ። ወንድሜ ከውጭ የላከልኝ ጫማ ግን ከሥሩ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ስላለው አብሮት የመጣው ክሊት ከፔዳሉ ጋር አይገጥምም። በመዶሻ ላስገባው ወይስ ጫማውን ልቀይር?

መልስ

መዶሻውን ያስቀምጡት። ያለዎት የሁለት የተለያዩ ሥርዓቶች ግማሽ ግማሽ ነው፦ ፔዳሉ ባለሦስት ቀዳዳ ጫማ ይፈልጋል፤ ጫማው የተሠራው ለኤስፒዲና ለመሰሎቹ ነው። ገንዘብዎ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ፔዳሉን ይቀይሩ። የባለሦስት ቀዳዳው ክሊት ከጫማው ሥር ወጣ ብሎ የሚቀመጥ ፕላስቲክ ነው፤ ኮብልስቶን ላይ ጥቂት እርምጃ ሲሄዱበት ያንሸራትታል፣ ቶሎም ያልቃል፤ ያለቀ ክሊት ደግሞ መቼ እንደሚለቅ አይታወቅም። የባለሁለት ቀዳዳው ብረት በጫማው ሶል ውስጥ ገባ ብሎ ስለሚቀመጥ ወርደው እንደ ልብ ይራመዱበታል። በክረምት ጭቃ ከገባበት በእንጨት ስንጥር መጥረግ ብቻ ነው።

ፔዳሉን ሲፈቱ የግራው ጥርስ ከቀኙ ተቃራኒ መሆኑን አይርሱ። መፍቻውን ወደ ላይ አቁመው ወደ ኋላ ጎማ ሲስቡት ሁለቱም ይፈታሉ።

ጫማውን ለመቀየር ከወሰኑ ግን በቀለም እንዳይታለሉ። የሉክ ኪዮ ቀይ ክሊት ከሁሉም የላላው ሲሆን ከመልቀቁ በፊት ተረከዝዎ 9 ዲግሪ እንዲንቀሳቀስ ይፈቅዳል፤ ግራጫው 4.5፣ ጥቁሩ 0 ዲግሪ ነው። ኤስፒዲ-ኤስኤል በተባለው የሺማኖ የውድድር ብስክሌት ፔዳል ደግሞ ቀዩ ምንም የማይንቀሳቀሰው ሲሆን የላላው ቢጫው፣ 6 ዲግሪ ነው። ሁለቱም ባለሦስት ቀዳዳ ቢሆኑም የአንዱ ክሊት በሌላው ፔዳል አይሠራምና የፔዳሉን ስም ሳይናገሩ አይግዙ።

ጥያቄ

የምነዳው በጎንደር ከተማ ነው። በሜዳ ላይ ማላቀቁም መቆለፉም አያስቸግረኝም። ዳገት ላይ ከቆምኩ ግን መነሣት አልችልም፤ ሁለተኛውን እግሬን ስቆልፍ ብስክሌቱ ይቆምና እወድቃለሁ።

መልስ

ችግሩ መቆለፉን ማስቀደምዎ ነው። ዳገት ላይ ሲነሡ በቀላል ማርሽ፣ የተቆለፈውን እግር ከፊት ለፊት ከፍ ባለው ቦታ ላይ አድርገው በኃይል ይርገጡ፤ ሁለተኛውን እግር በጫማው መሐል ፔዳሉ ላይ አሳርፈው ሳይቆልፉ ጥቂት ዙር ይንዱ። ብስክሌቱ ፍጥነት ካገኘ በኋላ፣ ወይም ዳገቱ ጋብ ሲል፣ ይቆልፉት። ጎዳናው ባዶ ከሆነ ቀጥ ብሎ ከመውጣት ሰያፍ ሆኖ መነሣት ይቀላል።

ዳገት ላይ ሲቆሙ ደግሞ ከሜዳው በጣም ቀድመው ያላቅቁ፤ መርገጥ እንዳቆሙ ብስክሌቱ ወዲያው ቀጥ ይላልና። በሙሉ ክብደትዎ እየረገጡ ተረከዝን መጠምዘዝ ስለሚከብድ ለግማሽ ዙር ያህል ጉልበትዎን ቀንሰው በዚያች መካከል ያዙሩት። ዳገቱ ከዚህም የሚብስ ከሆነ ከብስክሌቱ ወርደው ደልደል ያለ ቦታ ድረስ እየገፉ ሄደው ከዚያ ይነሡ።