ያልገጠመውን አትሰርዙት

ውድ ወጣቶች፣

ወደ ኢሚዩኖሎጂ (የሰውነት መከላከያ ጥናት) ምርምር ልትገቡ የምታስቡ፣ ገብታችሁም ገና በጅማሬው ላይ ያላችሁ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ትጠይቁኛላችሁ። «የትኛውን ዘርፍ ብንይዝ ይሻላል?» ትላላችሁ። ጂን ይሁን፣ ሴል ይሁን ወይስ የኮምፒውተር ትንተና? እኔን ዘርፉ ያን ያህል አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ያልጠበቃችሁት ውጤት የመጣ ቀን ምን እንደምታደርጉ ነው።

ይህን የምለው ከራሴ ስሕተት ተነስቼ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አዲስ መድኃኒት የሚሞክር ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ታማሚዎቻችን ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለባቸው ናቸው። በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ ጠላትን ትቶ የራሱን መገጣጠሚያ ያጠቃል። ቦታው ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ያማል፤ ብግነት የምንለው ይህንን ነው። ሲቆይ አጥንቱን ይበላዋል። መድኃኒታችን ቲኤንኤፍ የሚባለውን ብግነት ቀስቃሽ ፕሮቲን የሚያግድ ነበር። ጠዋት ጣታቸውን ማጠፍ ያቃታቸው ሰዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ራሳቸው መቆለፍ ጀመሩ። ያን ያየ ሰው አይረሳውም።

ከእነሱ አንዷ በሦስተኛው ወር መጥታ «ዶክተር፣ እግሬን ይደነዝዘኛል፤ ግራ ዓይኔም ጭጋግ የለበሰ ይመስለኛል» አለችኝ። ቅጹ ላይ «ከመድኃኒቱ ጋር ግንኙነት አለው ወይ?» የሚል ጥያቄ አለ። «የለውም» በሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። መገጣጠሚያዋ በጣም ተሽሎት ነበር። ዓይኔ ያየው ያንን ብቻ ነው።

ጥቂት ዓመታት አለፉ። በ1999 ሌነርሴፕት ስለሚባል ሌላ የቲኤንኤፍ ማገጃ አንድ ውጤት ታተመ። ሙከራው የተደረገው 168 ሰዎች ላይ ሲሆን በሽታቸው መልቲፕል ስክለሮሲስ ነበር፤ መከላከያው የነርቭን ሽፋን የሚያጠቃበት በሽታ። የታመሙ እንስሳት ላይ ቲኤንኤፍን ማገድ ጠቅሞ ስለነበር ሁሉም መሻሻል ነበር የሚጠብቀው። የሆነው ተቃራኒው ነው። መድኃኒቱን ባገኙት ላይ በሽታው ቶሎ ቶሎ አገረሸ። የሚገርመው፣ የአንጎል ኤምአርአይ ምስሉ በቡድኖቹ መካከል ልዩነት አላሳየም። ነገሩን ያጋለጡት ታማሚዎቹ ናቸው። ከዚያም ለመገጣጠሚያ ሕመም የቲኤንኤፍ ማገጃ የወሰዱ አንዳንድ ሰዎች ላይ የነርቭ ሽፋን ጉዳት እንደታየ መዘገብ ተጀመረ። መደንዘዝ፣ የዓይን መጋረድ።

ያቺ ሴት ትዝ አለችኝ። ፋይሏን አስወጥቼ በገዛ እጄ ያደረግሁትን ምልክት አየሁት። ደወልኩላት። መድኃኒቱን ራሷ አቁማው ነበር። ዓይኗ ተመልሷል፤ እግሯ ግን አሁንም ይደነዝዛታል። ይቅርታ ጠየቅኋት። እሷ አልተቆጣችኝም፤ ያ ደግሞ የባሰ ከበደኝ።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ ያልገጠመውን አትሰርዙት። በእኛ ሙያ ታላላቅ ነገሮች የመጡት በዚህ በር ነው።

ፊሊፕ ሄንችን ውሰዱ። አሜሪካ ባለው ማዮ ክሊኒክ ሆስፒታል የሚሠራ የመገጣጠሚያ ሐኪም ነበር። በ1929 አንድ ታማሚ ዓይኑና ቆዳው ቢጫ በሆነበት ወቅት የመገጣጠሚያ ሕመሙ ተሻለው። ምን ያገናኘዋል? አብዛኛው ሐኪም «አጋጣሚ ነው» ብሎ ያልፈው ነበር። ሄንች ግን መዘገበው፤ ተመሳሳይ ነገር የገጠማቸውንም ይፈልግ ጀመር። ሴቶች ሲያረግዙ ሕመሙ እንደሚያርፍላቸውም አስተዋለ። ሰውነት ራሱ የሚሠራው፣ ብግነትን የሚያበርድ አንድ ነገር መኖር አለበት አለ። እስኪያገኘው 19 ዓመት ፈጀ። በ1948 ባልደረባው ኤድዋርድ ኬንዳል ከኩላሊት በላይ ከምትገኘው እጢ ሆርሞኖች መካከል ሲያጠናው የኖረውን ንጥረ ነገር ለአንዲት ታማሚ ሰጧት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነስታ መራመድ ቻለች። ያ ኮርቲዞን ነው። በ1950 ሁለቱ ከታዴዎሽ ራይክሽታይን ጋር የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። ደስታው ግን ቶሎ ተሸራረፈ። በብዛትና ለረጅም ጊዜ የወሰዱት ሰዎች ፊታቸው ያብጥ፣ አጥንታቸው ይሳሳ፣ ኢንፌክሽን ይደጋግማቸው ጀመር። እስከ ዛሬም ስቴሮይድ (ኮርቲዞንና ዘመዶቹን) ስናዝዝ ከዚህ ጉዳት ጋር እየተደራደርን ነው።

ያልገጠመው ሲዘለል የሚሆነውን ደግሞ እዩ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀርመናዊው ሳይንቲስት ፖል ኤርሊክ ሰውነት ራሱን እንዳያጠቃ የሚከለክለው ነገር አለ ብሎ አስተማረ። ሰው «ስለዚህ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ ሊኖር አይችልም» ብሎ ተረዳው። ብዙም ሳይቆይ በ1904 ዶናትና ላንድሽታይነር የተባሉ ተመራማሪዎች የገዛ ቀይ የደም ሴልን የሚያፈርስ አንቲቦዲ (መከላከያው የሚሠራው ተዋጊ ፕሮቲን) ያለበትን በሽታ አሳዩ። ማስረጃው ታትሞ ተቀምጧል። ሆኖም ለአሥርተ ዓመታት የልዩ አጋጣሚ ያህል ተቆጥሮ ቀረ። በ1956 ኖኤል ሮዝና ኧርነስት ዊተብስኪ ጥንቸሎችን አንገት ላይ ካለው የታይሮይድ እጢ በወጣ ፕሮቲን ወግተው እጢያቸው በራሳቸው መከላከያ ሲጠቃ አሳዩ፤ ሐሳቡም በስፋት መሬት የያዘው ከዚያ ወዲህ ነው። በመሐል ስንት ታማሚ «ምክንያቱ አይታወቅም» ተብሎ ተሸኝቶ ይሆን?

የቲኤንኤፍ መድኃኒቶችም ታሪክ እንዲሁ ነው። በመገጣጠሚያ ውስጥ ብግነት ቀስቃሽ ፕሮቲኖች ብዙ ናቸው። «አንዱን ብታግዱ ሌላው ይተካዋል» ይባል ነበር፤ ምክንያታዊ ይመስላልም። በ1989 ፊዮኑላ ብሬናንና ማርክ ፌልድማን ከታመመ መገጣጠሚያ የወሰዱትን ሴል በብልቃጥ አሳድገው ቲኤንኤፍን ብቻ አገዱ። ኢንተርሉኪን-1 የሚባለው ሌላው ብግነት ቀስቃሽ ፕሮቲንም አብሮ ወረደ። ለካ ቲኤንኤፍ ሌሎቹን ከላይ ሆኖ ይመራቸው ኖሯል። በ1992 ፌልድማንና ራቪንደር ማይኒ ለንደን ውስጥ የመጀመሪያዎቹን 20 ታማሚዎች ማከም ጀመሩ። ዛሬ ይህ የመድኃኒት ወገን በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ሰዎችን ከአልጋ አንስቷል። ዋጋውም አለው። በ2001 ኢንፍሊክሲማብ የተባለውን የቲኤንኤፍ ማገጃ ከወሰዱ ሰዎች መካከል 70 የቲቢ ታማሚዎች ተመዘገቡ። ቲኤንኤፍ በሳንባ ውስጥ የተኛውን ጀርም ከብቦ የሚይዘው ግድግዳ እንዳይፈርስ ይጠብቃል። ስናግደው ግድግዳው ይላላል። አሁን መድኃኒቱን ከመጀመራችን በፊት ቲቢን የምንመረምረው ያንን የመሰለ ሪፖርት የጻፉ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

አንድ ነገር ደጋግሜ እላለሁ፤ መድኃኒቱ ራሱ ስለ በሽታው ይነግራችኋል። ኢንተርሉኪን-17 የተባለውን ሌላ ብግነት ቀስቃሽ ፕሮቲን የሚያግደው ሴኩኪኑማብ ሶሪያሲስ የያዘውን ቆዳ በሚያስደንቅ ሁኔታ ያጠራል። የአንጀት ብግነት በሆነው የክሮንስ በሽታ ላይ ሲሞከር ግን፣ በ2012 በታተመው የ59 ሰዎች ጥናት፣ ከማስመሰያ መድኃኒቱ የባሰ ሆነ። ብዙ ሰው ይህን «የከሸፈ ሙከራ» ይለዋል። ለእኔ ግን ያ ፕሮቲን የአንጀትን ግድግዳ ሊጠብቅ እንደሚችል የጠቆመን ውድ ትምህርት ነው። በቆዳ ላይ ጠላት የሆነው በአንጀት ውስጥ ዘበኛ ሊሆን ይችላል።

እንስሳትንም አክብሯቸው፤ ሙሉ በሙሉ ግን አትመኗቸው። በ2006 ለንደን ውስጥ ቲጂኤን1412 የተባለውን መድኃኒት የወሰዱ 6 ጤነኛ ፈቃደኞች መከላከያቸው እንደ ማዕበል ተነስቶባቸው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ሁሉም በሕይወት ተርፈዋል። የተሰጣቸው መጠን ዝንጀሮዎች ላይ ምንም ካላደረገው 1/500ኛው ብቻ ነበር። ለካ በዝንጀሮዎቹ በኩል አንድ ወሳኝ የቲ-ሴል (የመከላከያው ተዋጊ ነጭ የደም ሴል) ዓይነት መድኃኒቱ የሚይዘውን ተቀባይ አልያዘም።

ከምርምር ይልቅ ወደ ሕክምናው ለምታዘነብሉ አንድ ተግባራዊ ነገር ልንገራችሁ። ሜቶትሬክሴት የሚባለው መድኃኒት ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው። በስሕተት በየቀኑ የወሰደ ሰው መቅኒው ሊጎዳ፣ ሊሞትም ይችላል። ማዘዣው ላይ የቀኑን ስም ጻፉ፤ «ሰኞ» ብላችሁ። ታማሚው በራሱ አፍ እንዲደግምላችሁም ጠይቁት። ይህ ከማንኛውም ጥናታችሁ በፊት ሕይወት ያድናል።

አሁን እናንተ የምትገቡበት ጊዜ ከእኛ የተሻለ ነው። በ2021 የጀርመኗ ኤርላንገን ሐኪሞች ከባድ ሉፐስ (መከላከያው የራስን ልዩ ልዩ አካላት የሚያጠቃበት በሽታ) ያለባትን የ20 ዓመት ወጣት ካር-ቲ በሚባል ሕክምና እንዳከሙ አሳወቁ። የራሷን ቲ-ሴል አውጥተው፣ አንቲቦዲ የሚያመነጨውን የቢ-ሴል ወገን እንዲያጠፋ አድርገው፣ መልሰው ሰጧት። በ2024 ስለ 15 ታማሚዎች ጻፉ። ከእነሱ 8ቱ የሉፐስ ታማሚዎች ነበሩ፤ ስምንቱም ያለ ሌላ መድኃኒት በሽታው ተኝቶላቸዋል። ሲያነቡት ዓይን እንባ ያቀርራል። እኔ በወጣትነቴ በሉፐስ ኩላሊታቸው ሲሄድ ቆሜ ያየኋቸው ልጆች አሉ።

ይሁን እንጂ 15 ሰው ጥቂት ነው፤ ማነጻጸሪያ ቡድንም አልነበረም። ቁጥሩ ሲጨምር በሽታው የሚመለስበት ሰው ይመጣል። «እግሬን ደነዘዘኝ» የምትልም ትመጣለች። ያን ዕለት የደም ናሙናውን አስቀምጡ። የሕክምና ስሙን ከመጻፋችሁ በፊት ታማሚዋ ያለችውን ቃል በቃል አስፍሩ፤ ቀኑንም። «ግንኙነት አለው ወይ?» የሚለውን ቦታ ደግሞ ካላወቃችሁ ባዶ ተዉት።