ያልዳሰስኩትን እንስሳ ማከም፦ ጥያቄና መልስ

የእንስሳት ሕክምና የተማርኩት ቢሾፍቱ ነው፤ የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሬን ከሚያንኳኳው ይልቅ በቴሌግራም የሚጽፍልኝ በዝቷል። ሐኪም ከሩቅ ሆኖ ምን ይመክራል፣ ከምንስ ይቆጠባል በሚለው ላይ ጥያቄ እንድትልኩልኝ ጋብዤ ነበር።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሌላ ውሻ የነከሰውን ውሻዬን ፎቶ አንስቼ አንቲባዮቲክ ይዘዙልኝ ስልዎት «አምጪው» አሉኝ። ታክሲ ውሻ አልጭንም እያለ እንዴት ላምጣው? ቁስሉ እኮ በፎቶው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

መልስ፦ የታክሲው ችግር እውነት ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን ፎቶ ሙቀት አይለካም፣ አይሸትም፣ ስዳስሰው የት ላይ እንደሚያመው አይነግረኝም። የንክሻ ቁስል ከላይ ጠባብ ቀዳዳ ሆኖ ከቆዳው ሥር ብዙ መግል ሊይዝ ይችላል። በብሪታንያ የእንስሳት ሐኪሞችን የሚቆጣጠረው ንጉሣዊ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2023 መመሪያውን ሲያሻሽል በርቀት ማዘዝን በመጠኑ ፈቅዷል፤ ለአንቲባዮቲክ ግን ከልዩ ሁኔታ በቀር በአካል መመርመርን ግድ አድርጓል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ከውሻው ወደ ቤተሰቡ ሊሻገር ይችላል። እስክትመጪ ድረስ ቁስሉን ለብ ባለ ጨው ባለበት ውሃ እጠቢው፤ እንዳይልሰውም ጠብቂው።

ጥያቄ፦ ከአራት ኪሎ ነው። ውሻችን ከትናንት ጀምሮ አፉ አልገጥም ብሎ ለሃጩ ይንጠባጠባል። ታናሽ ወንድሜ አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል ብሎ እጁን ከትቶ ቢፈልግ ምንም አላገኘም። ቪዲዮውን ይዩልኝ።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ተራ አላስጠበቅሁትም፤ እንዳነበብኩት ደውያለሁ። እዚህ የማወጣው ሌሎችም እንዲያውቁት ነው። አጥንት ሊሆን ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ ግን ሁልጊዜ በመናከስ አይጀምርም፤ መንጋጋው ሽባ ሆኖ ሲንጠለጠልና መዋጥ ሲያቅተው ልክ አጥንት የተሰነቀረበት ይመስላል። በዚህ መልኩ እጃቸውን የሚከቱት ደግሞ ውሻውን የሚወዱት ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ማንም ዳግመኛ አይንካው፤ ሰው በማይደርስበት ክፍል ዝጉበት። ወንድምህ እጁን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያም የውሻውን ምርመራ ውጤት ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ጤና ተቋም ሄዶ ስለ ክትባቱ ይጠይቅ። ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት በጊዜ የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል። ጸበሉን አልቃወምም፤ ክትባቱን ግን አያስቀርባችሁ። ውሻው ከሞተ ለመቅበር አትቸኩሉ፤ በሽታው የሚረጋገጠው በአንጎሉ ምርመራ ነውና መጀመሪያ ለሐኪም ንገሩ።

እንዲህ ባለው ጊዜ «በአካል ሳላይ ምንም አልናገርም» የሚል ሐኪም በሙያው ሥርዓት ሊያመካኝ አይገባውም። የሕመሙን ስም መስጠትና መድኃኒት ማዘዝ ምርመራ ይጠይቃሉ፤ ከአደጋ ማስጠንቀቅ ግን በስልክም ቢሆን ግዴታው ነው።

ጥያቄ፦ ድመቴ ታነክሳለች። የእንስሳት ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው በፌስቡክ «ሩብ ፓራሲታሞል ስጫት» አለኝ። ልስጣት?

መልስ፦ በፍጹም! የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን እንደ ሰው ጉበት አጣርቶ አያስወግድም፤ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ይሳነዋል። ድዷ የቡና ቀለም ይዞ የመጣችልኝን አንዲት ድመት እስካሁን አልረሳኋትም። ባለቤቷ «ለልጄ የምሰጠውን ነው እኮ የሰጠኋት» እያሉ ያለቅሱ ነበር። አልተረፈችም። ምክሩን የሰጣቸው ሰው ስሙን እንኳ አልጻፈም ነበር። አስቀድመሽ ሰጥተሻት ከሆነ ምልክት እስኪታይ አትጠብቂ፤ አሁኑኑ ይዘሻት ነይ።

ጥያቄ፦ በቅርቡ የተመረቅሁ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። በኢንተርኔት ስመክር ስሜን መግለጽ አለብኝ? ሌላ ሐኪም ያከመውን ሲያሳዩኝስ?

መልስ፦ ስምህን፣ የትምህርት ደረጃህንና የምትሠራበትን ቦታ ጻፍ። መዝገቡን ሳታይ ባልደረባህን «ተሳስቷል» አትበል፤ ደውልለት። የምታሞግሰውን መድኃኒት አንተው የምትሸጠው ከሆነ አስቀድመህ ተናገር። የታካሚህንም ፎቶ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አታውጣ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ቀበና ሁለት የወተት ላሞች አሉኝ። የአንዷ አንድ ጡት አብጧል። መድኃኒት ራሴ ገዝቼ ላስወጋት? ወተቱንስ ምን ላድርገው?

መልስ፦ እናቴ፣ ከመድኃኒቱ በፊት ሐኪም ያስጠሩ፤ ጡቷ በእጅ መዳሰስ፣ ወተቱም መታየት አለበት። መድኃኒቱን ሲያዝልዎ ወተቱ ለስንት ቀን እንደሚደፋ ይጠይቁት፤ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ይለያያል። እስከዚያ ለደንበኛም ለልጅ ልጅም አይስጡ፤ ማፍላትም አስተማማኝ አይደለም። ለእርጎ ቢያስቀምጡትም አልረጋ ሊልዎት ይችላል፤ መድኃኒቱ ወተቱን የሚያረጋውን ባክቴሪያም ይገድላልና። የታመመው አንዱ ጡት ቢሆንም የሚደፋው የአራቱም ወተት ነው።