«እጄ ድኗል፣ ልቤ ግን እምቢ አለ»፦ የሰርከስ ልጆችና ስፖርተኞች ጥያቄዎች

ከሰርከስ ልጆችና ከስፖርተኞች ስለ ጭንቀት የሚመጣው ጥያቄ በርከት ብሏል። ዛሬ ከሰሜን ሸዋ የመጡትን ላንሳ። ስም አልጠቅስም። ደብረ ብርሃን ላይ ሰው ቶሎ ይተዋወቃል።

«ሰርከስ እሠራለሁ። ጥር ላይ ከፒራሚድ ሦስተኛው ደረጃ ወደቅኩ። እጄ ድኗል፣ ሐኪሙም ሥራ ብሎኛል። አሁን ግን ጓደኛዬ ትከሻ ላይ ስወጣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ስገለበጥ ደግሞ አየር ላይ የት እንዳለሁ ይጠፋኛል። ልጆቹ ‹ፈሪ› ይሉኛል።» (ከደብረ ብርሃን)

ቅድሚያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስትወድቅ ጭንቅላትህን ተመትተህ ነበር? ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ብርሃን መጥላት ካለ ፍርሃት ነው ብለን አናልፈውም። ተመልሰህ ታየው።

እሱ ከሌለ፣ የገጠመህ ነገር ታላላቆቹንም ገጥሟቸዋል። አሜሪካዊቷ የጂምናስቲክ ስፖርተኛ ሲሞን ባይልስ ሐምሌ 20 ቀን 2013 ዓ.ም. ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ፣ በቡድን ፍጻሜው፣ አየር ላይ ሁለት ዙር ተኩል ልትሾር ተነስታ አንድ ተኩል ብቻ ዞራ ወረደች። አቅጣጫዋ ጠፍቶባት ነበር። ውድድሩን አቋረጠች፣ ከዚያ በኋላ ከነበሩትም አብዛኞቹን ተወች። ስንቱ ሰደባት! ከሳምንት በኋላ ግን በጠባቧ አግዳሚ ላይ በሚሠራው ውድድር ተመልሳ ነሐስ ወሰደች። ከአግዳሚዋ የምትወርድበትን ዘዴ ሹረት በሌለው ለውጣ ነው የተመለሰችው። በ2016 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ደግሞ 3 ወርቅ አገኘች።

ጥርሷን ነክሳ ያንኑ አልደጋገመችም። ዝቅ ብላ ጀመረች። አንተም ሦስተኛውን ደረጃ ለጊዜው እርሳው። ከዝቅተኛው፣ ወፍራም ፍራሽ ላይ፣ ግራና ቀኝ ጠባቂ አቁመህ ጀምር። ደጋግመህ ሠርተኸው ልብህ ሲረጋ ወደሚቀጥለው ውጣ። መገልበጡ ከሁሉም መጨረሻ ይምጣ።

ያን ቀን ከሥር ተሸክሞህ የነበረውን ልጅም አነጋግረው። እሱም «እኔ ነኝ የጣልኩት» እያለ ሌሊቱን ይገላበጥ ይሆናል። ይህን ነገር ሰርከስ ቤት ውስጥ ማንም አያነሳውም። ውድቀቱ በህልምህ እየመጣ ከወር በላይ ከቆየ ግን የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያስፈልግሃል። «ፈሪ» ለሚሉህም ይህን ንገርልኝ፦ ፍርሃቱን ደብቆ የወጣ ሰው ብቻውን አይወድቅም፣ ከሥሩ ያሉትንም ይዞ ነው።

«ሯጭ ነኝ፣ 17 ዓመቴ ነው። ከመንዝ መጥቼ ደብረ ብርሃን እሠለጥናለሁ። የወር አበባዬ ከቆመ አራት ወር ሆነው። ክብደቴ ስለቀነሰ አሠልጣኜ ደስ ብሎታል። እኔ ግን በሆነ ባልሆነው አለቅሳለሁ። ጾምም እጾማለሁ።»

የኔ እህት፣ አሠልጣኝሽ በዚህ ደስ ሊለው አይገባም። የምትበዪው ከምታወጪው ጉልበት ሲያንስ ሰውነት መቆጠብ ይጀምራል፣ ከሚያቆማቸው ነገሮች አንዱም የወር አበባ ነው። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2006 ዓ.ም. ለዚህ ችግር ራሱን የቻለ ስም ሰጥቶታል። አጥንት ይሳሳል፣ ይሰነጠቃልም። ሰው የሚዘነጋው ግን ስሜትን መንካቱን ነው፤ መነጫነጩም ለቅሶውም ከዚሁ ሊመጣ ይችላል። የወር አበባ ሦስት ወር ከቀረ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ሐኪሙ ሌላም ምክንያት ካለ ይፈትሻል።

ጾሙን ተዪ አልልሽም፣ ድርሻዬ አይደለም። በንጋት ብርድ ከባድ ልምምድ ሠርቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል ግን በዚህ ሁኔታሽ አይሆንም። ለንስሐ አባትሽ ሐኪሙ ያለሽን ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ሲፈቀድልሽ ደግሞ ልምምድ እንዳበቃ በሶ ይኑርሽ። ቆሎ ከለውዝ ጋር ኪስሽ ውስጥ ይግባ። ሽሮና ምስሩን ጠገብ ብለሽ ብዪ። የጾም ምግብ ያበረታል፣ ከበቃ።

«ከትርኢት በፊት ባለው ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አይወስደኝም።»

የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ማጣት ብዙ ጊዜ ትርኢት አያበላሽም። ከሱ በፊት ያሉትን ሌሊቶች ጠብቅ፤ በአሥራዎቹ ዕድሜ ካለህ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያስፈልግሃል። ስልኩንም ከአልጋ አርቀው።

«እናት ነኝ፣ ከደብረ ሲና። ልጄ ጉልበቱ ተጎድቶ ኳስ ካቆመ ወዲህ ከቤት አይወጣም። ጓደኞቹ ሲመጡ ‹የለም በሏቸው› ይለኛል። ትናንት ‹እኔ እኮ ሞቻለሁ› አለኝ።»

እናቴ፣ ይህቺን ቃል እንደ ዋዛ አይለፏት። ዛሬውኑ አጠገቡ ቁጭ ብለው «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብለው በግልጽ ይጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። እንዲያውም የሆዱን እንዲያወጣ በር ይከፍትለታል። አዎ ካለ ብቻውን አይተዉት። የእህል ነቀዝና የተባይ መድኃኒት ቤት ካለ ጎረቤት ይውሰደው። ሳያድር ሆስፒታል ይድረስ። አይደለም ቢልም በዚህ ሳምንት ባለሙያ ይየው።

ሲሻለው ደግሞ ሜዳው ይናፍቀዋል። ልጁ ያጣው ጉልበቱን ብቻ አይደለም፤ ሰው «እገሌ ኳስ ተጫዋቹ» የሚለውንም ነው። ቡድኑ ሕፃናት እንዲያለማምድ ቢጠራው ብዙ ነገር ይቀየራል።

«እናቴ ጻድቃኔ ማርያም ጸበል እንሂድ ትላለች። ሐኪሙ መድኃኒት ጀምር አለኝ።»

ሁለቱም ይሆናሉ። ሂድ፣ ተጠመቅ፣ መድኃኒትህን ግን ይዘህ ሂድ። በድንገት ማቋረጥ ያባብሳል።

«የሰርከስ አሠልጣኝ ነኝ። ልጆቼ መድረክ ላይ ፈገግታቸው አይጠፋም። ማን እንደተጨነቀ በምን ልወቅ?»

ፈገግታውን እኮ አንተው አሠልጥነኸዋል! መድረኩን ተወውና ልምምዱን እይ። ማርፈድ የጀመረ፣ ከምግብ የሚሸሽ፣ ቁስሉን የሚደብቅ፣ ድሮ የሚስቅበት ነገር የሚያናድደው ልጅ አለ? ከሰውነት ማሟሟቂያ በፊት እያንዳንዱ ዛሬ እንዴት እንደሆነ ከአንድ እስከ አምስት በጣቱ ያሳይ። አንድ ወይም ሁለት ያሳየውን በኋላ ለብቻው አናግረው። ደግሞ «ዛሬ ከላይ አልወጣም» ያለ ልጅ ምክንያት አይጠየቅ፣ ቦታውንም አይቀማ። ይህን ሕግ አንዴ ብትጥሰው ማንም ዳግመኛ እውነቱን አይነግርህም።

የነገሩህን ለቡድኑ አታውራ። ልጁ ራሱን ሊጎዳ ካሰበ ግን ምስጢር ብለህ አትያዝ። ለቤተሰቡና ለሐኪም በዚያው ቀን ንገር፣ እንደምትነግርም ለራሱ ለልጁ አስቀድመህ ንገረው።